የአስፋልት ጥለት

የብስክሌቴን ሰንሰለት ፈትታ ልጄ ደበቀች።
«ዓይንህ ሞራ ለብሷል፤ ይበቃሃል አባ፤
ያን ቀን አደባባዩ ጋ ቦይ ውስጥ ስትገባ
ሰው ባያይህ ኖሮ…» አለችና ተወች።

እውነቷን ነው።
ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት በሌሊት ፈረቃ፣
የጨርቃ ጨርቅ ጡሩምባ ባሕር ዳርን ሲያነቃ፣
በዘንባባው ሥር ለሥር በዚህች ብረት ተመላለስኩ፤
የእሷንም ደብተር ዩኒፎርም በዚህችው ጭኜ ደረስኩ።
ይህን ልላት ነበር። አላልኳትም።
ዕድሜ መልስ ያሳጥራል።

አሁን እንደ ከዘራ እየገፋኋት እሄዳለሁ፤
«ጎማው ተንፍሶ ነው?» ሲሉኝ፣ «አዎ፣ ተንፍሶ» እላለሁ።

ማክሰኞ ግን ፈለገ ሕይወት የዓይን ቀጠሮ ነበረኝ፤
ለሦስት ሰዓቱ ከአሥራ ሁለት ጀምሬ አስፋልት ዳር ቆምኩኝ።
ባጃጁ ይመጣል፣ ዝግ ይላል፣ ያየኛል፤
ጉልበቴን ይገምትና እጀታውን ጠምዝዞ ያልፈኛል።
«ፋዘር ይቅርታ፣ ቸኩለናል» ይለኛል አንዱ፤
«ለመግባት አንድ ሰዓት፣ ለመውረድ አንድ ሰዓት» ይስቃል ዘመዱ።
የሚኒባሱ ደረጃ ከጉልበቴ በላይ፤
ረዳቱ «ግባ በለው!» ይላል ወደ ኋላ ሳያይ።
ጣና እንኳ ይጠብቃል፤ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ
ገመዱን አይፈታም ሽማግሌ ሳይገባ።

በእግሬ ሄድኩ።
ካርድ ክፍል ስደርስ፣ «ተራዎ አልፏል፤ ለሚመጣው ማክሰኞ።»

ያዘገየኝ ማቋረጫው ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት
ዜብራው የለም፤ ጎማና ዝናብ ልሰውታል በክረምት።
ወይዘሮ ትሁኔ እዚህ ነው የወደቀችው፤
ከገበያ ስትመለስ፣ ዱባ ነበር የያዘችው።
ዱባው ተንከባሎ መንገዱን ተሻገረ።
እሷ መሃል ቀረች።
ከዚያ ወዲህ እግሬን ከጠርዙ ላወርድ ስል
መኪናው አይደለም የሚታየኝ፤
ዱባው ነው፣ እየተንከባለለ።

ለስንሻው ነገርኩት፤ ስንሻው ለሙጬ፣ ሙጬ ለአንለይ፤
አራታችንም ጡረታ የወጣን ከአንድ የሽመና ክፍል።
ደብዳቤ ጻፍን። «ይታያል» አሉን።
ሌላ ጻፍን። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ።
«ለመሆኑ ቀለም ስንት ነው?» አለ አንለይ።

እሁድ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጉማሬው ግጦ ወደ አባይ ሲመለስ፣
ሁለት ቆርቆሮ ነጭ ቀለም፣ ሦስት ብሩሽ፣ አንድ የድር ክር ይዘን ወጣን።
ስንሻው ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ፣ ክሩን ወጠርን፤
አርባ ዓመት እጃችን የሚያውቀውን አደረግን።
«ድሩ አስፋልቱ፣ ማጉ ቀለሙ!» አለ ሙጬ፤
ወገቤን ይዤ ሳቅሁ ጠርዙ ላይ ተቀምጬ።
ነጠላስ ቢሆን ያለ ጥለት ምኑ ይታወቃል?
እንዲህ ያለው መንገድ ሰውን ከጨርቅ እኩል ያደቅቃል።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ፤ ልጅ ነው፣ ጢሙ ገና ብቅ ያለ።
«ማን ፈቀደላችሁ?»
አንለይ ቀና ሳይል የክሩን ጫፍ አቀበለው፦
«ያዝ እስቲ፣ እንዳይላላ።»
ያዘ።

የመጀመሪያው ባጃጅ እርጥቡን ቀለም ረግጦት አለፈ፣
ነጭ መስመር እየጎተተ እስከ ጫማ ጠራጊዎቹ።
ሁለተኛው ተሳደበ።
ሦስተኛው ቆመ።
ቆሞ ጠበቀ። እኛ ግን ጠርዙ ላይ ገተር እንዳልን ቀረን፤
ለካ የሚጠብቀን አጥተን መሻገሩን ረስተን።
ሹፌሯ፣ ሴት ናት፣ እጇን በጎን አወጣች፦
«እለፉ እንጂ አባቶቼ! ነዳጅ እየፈጀሁ ነው!»

ቤት ስገባ እናትነሽ፦ «ጫማህ ምን ሆኗል አባ?»
ዘወር ስል፣ ከደጃፍ እስከ ሳሎን ነጭ ነጭ ዱካ።
«ዜብራ ነው» አልኳት።
እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ ምንም ሳትል፣ ጎንበስ አለች፤
ከበሩ ጀምራ አንድ በአንድ ጠረገች፣ ጠረገች፤
ብስክሌቷ የቆመችበት ጋ ስትደርስ
አንዱን ተወችው።